ለየብቻ የጸለይንበት ቀን

ኖራ ሲረጥብ የሚሸተውን ሽታ ታውቀው እንደሆነ አላውቅም። ግድግዳ የሚቀባ ሰው ያውቀዋል፤ የኳስ ሜዳ መስመር ያሰመረ ሰው ደግሞ አይረሳውም። አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። እኔ አሁን ደሴ ውስጥ የስፖርት መምህር ስለሆንኩ የትምህርት ቤታችንን ሜዳ በየዓመቱ የማሰምረው ራሴ ነኝ። ጥበቃው ባልዲውን ይዞልኝ፣ እኔ በጣሳ እየቀዳሁ፣ በተወጠረው ገመድ ላይ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄድኩ አፈሳለሁ። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ እያፈሰስኩ ግቡ አፍ ላይ ስደርስ ሽታው ያዘኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ጥበቃው "ቲቸር፣ ምነው፣ መስመሩ ተጣመመ እንዴ?" አለኝ።

መስመሩ አልተጣመመም። እኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ ኮምቦልቻ፣ ሌላ ግብ አፍ ላይ ቆሜ ነበር።

ያን ጊዜ እዚሁ ደሴ፣ የሰኞ ገበያ ሰፈር ቡድን በረኛ ነበርኩ። ዕድሜዬ አሥራ ስምንት፣ ክንዴ ረጅም፣ ምላሴም ከክንዴ የማያንስ። አሰልጣኛችን ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ይውልና፣ አሥር ሰዓት ሲሆን መቀሱን አስቀምጦ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ሜዳ ይመጣል። የማልያዎቻችንን ቁጥር የሰፋልን እሱ ነው። የእኔ አንድ ቁጥር ከሱሪ ትርፍ ጨርቅ የተቆረጠች ስለነበረች፣ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ሁሉ "ቡኒው! ቡኒው!" እያለ ይጮህብኝ ነበር።

ስለ ጸሎታችን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቡድኑ እንደተመሠረተ ሁሉም እንደየእምነቱና እንደየፍጥነቱ ይጸልይ ነበር አሉ። አንዱ ሦስቴ አማትቦ ይገባል፣ አንዱ ሣሩን በግንባሩ ይነካል፣ አንዱ እጁን ዘርግቶ ቆይቶ ቆይቶ ነው ፊቱን የሚያብሰው። ታዲያ አንድ ቀን ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሦስት ተከላካዮች ገና አልጨረሱም ነበርና ኳሷ በመካከላቸው አልፋ ገባች። አሰልጣኙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣ። "አንድ ላይ ጀምሩ፣ አንድ ላይ ጨርሱ" አለ። "እግዜር እንደሆነ ሁላችሁንም ባንዴ መስማት አያቅተው።" እንግዳ ሰው ሥርዓታችንን ሲያይ ስለ ወሎ ሰው ፍቅር ብዙ ያወራልን ነበር፤ እኛ ግን ነገሩ የመጣው ከአንድ የማይረባ ጎል እንደሆነ እናውቃለን።

ሥርዓቱ ቀላል ነበር። ግቡ አፍ ላይ፣ በኖራው መስመር ዙሪያ ቁጢጥ ብለን ክብ እንሠራለን። መዳፋችንን እንዘረጋለን፤ ክርስቲያኑም ይዘረጋል፣ እኛ አገር ሲመረቅ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው የለምና። መጀመሪያ አምበላችን ዱአ ያደርጋል። ቀጥሎ እኔ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ስለምሄድ "ቄሱ" እየተባልኩ፣ አጠር ያለች ጸሎት አደርሳለሁ። ሙስሊሙ አሚን ይላል፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል፤ አሥራ አንድ ሰው ባንዴ ሲለው አንድ ድምፅ ነው።

አምበላችን የመሃል ተከላካይ ነበር። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ አፉን በማልያው የሚሸፍን ልጅ። አባቱ በሕይወት አልነበሩም። እናቱ ከሐርቡ የሚመጣ ሽንኩርት ሰኞ ገበያ መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ከእሱ በታች ሦስት ታናናሾች ነበሩ። ዱአው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። "ያ ረቢ፣ እግራችንን ጠብቅልን። የነሱንም እግር ጠብቅላቸው። የበረኛችንን እጅ ጠብቅልን። ሳንጣላ መልሰን።" በቃ፣ ይቺው ናት። አሸንፈን የምትል ቃል የለችበትም።

"የነሱን እግር ለምን ታስጠብቃለህ?" እለው ነበር። "በዚያው እግር እኮ ነው እኔ ላይ የሚመቱት!"

"አንተ ያዛታ! በረኛ አይደለህ?"

"እሺ፣ አሸንፈን ለምን አትልም?"

"እነሱም ማዶ ሆነው አሸንፈን እያሉ ነው" አለኝ አንድ ጊዜ። "ረቢን መሃል አስገብተን ምን እናስጨንቀዋለን?"

የደሴን ጉም ታውቀዋለህ። ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ ተንከባሎ ይወርድና ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ግብ አፍ ላይ ለቆመ ሰው ከመሃል መስመር ወዲያ ያለው ሁሉ የለም። ኳሷ ድንገት ከነጩ ውስጥ ትወጣለች። ስለዚህ እኔና አምበሉ የተማመንነው በድምፅ ነበር። "የኔ!" ስለው ዝቅ ይልልኛል፤ "ያንተ!" ሲለኝ እወጣለሁ። ሳል እንኳ ቢይዘኝ የት እንደቆምኩ በሳሉ ያውቅ ነበር። እናቱ "እናንተ ስትጫወቱ እኮ ገበያ ድረስ ይሰማል፤ እውነት የተጣላችሁ ነው የሚመስለው" ይሉን ነበር። ብዙ ጨዋታ ያሸነፍነው በዚያ ጩኸት ነው።

በዚያ ዓመት ለሰፈሮች ውድድር ፍጻሜ ደረስን። ጨዋታው ኮምቦልቻ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ነበር። ከጨዋታው ሦስት ቀን በፊት አሰልጣኙ እኔንና አምበሉን ሱቁ ጠርቶን በሩን ገርበብ አደረገና፣ ከአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች መልማይ እንደሚመጣ ነገረን። "የሚመጣው አንድ ሰው ሊያይ ነው" ብሎ በሜትሩ ጫፍ የአምበሉን ደረት ነካው። አምበሉ አፉን በማልያው ሸፈነ። ለእሱ ይህ ነገር ጨዋታ አልነበረም። ክለብ ገባ ማለት ደመወዝተኛ ሆነ፣ እናቱ በዝናብና በፀሐይ ከዚያ መሬት ተነሱ ማለት ነው። ወደ ቤታቸው ስሸኘው እናቱ በሹክሹክታ "የኔ ልጅ፣ አደራ ለሰው እንዳትናገር፤ ዓይን ይበላብኛል" አሉኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። የበላው የሰው ዓይን አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በዚያው ሰሞን አንድ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጉባኤ ገብቼ ነበር። በስልካችን ስብከት እንለዋወጣለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን እንነጋገራለን። ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ ብዙ መልካም ነገር ተምሬባቸዋለሁ። የፍጻሜው ጨዋታ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን አንዱ በሰው መሃል "እውነት ነው አንተ በዱአ አሜን ትላለህ የሚባለው?" አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳትብኝ። እምነቴ አይፈቅድልኝም ብሎ በሌላው ጸሎት አሜን የማይል ሰው አለ፤ ሙስሊምም አለ፣ ክርስቲያንም አለ፤ ከልቡ ከሆነ አከብረዋለሁ። እኔ ግን ያ ሰው አልነበርኩም። እኔ ሰው የሳቀበት ልጅ ነበርኩ። ያንን ለማወቅ ደግሞ ብዙ ዓመት ወሰደብኝ።

የጨዋታው ቀን በሚኒባስ ወረድን። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እንደ ሁልጊዜው ጆሮአችን ተደፈነ፣ ቀስ በቀስ ሙቀቱ መጣ፣ ጃኬት አወለቅን፣ መስኮት ተከፈተ። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ ጣሪያውን ይደልቃሉ። ሹፌሩ ጣሪያዬን አትስበሩብኝ እያለ ይሳደባል። አምበሉ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ብርቱካን ልጦ ግማሹን እጄ ላይ አደረገልኝና "ምነው ቄሱ፣ ዛሬ አሞሃል እንዴ?" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ብርቱካኑን በላሁ። በልቤ የምናገረውን እየደረደርኩ ነበር።

ሜዳው ላይ ኖራው ገና አልደረቀም ነበር። ፀሐዩ ኃይለኛ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሰዉ ዙሪያውን ጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል። አሰልጣኙ የተጫዋቾችን ስም ዝርዝር ይዞ ከዳኞቹ ጋር ማዶ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከጠረጴዛው አጠገብ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ፣ ደብተር የያዘ ሰው ተቀምጧል፤ መልማዩ እሱ መሆኑን ሳይነግሩን አወቅን። ልጆቹ ግቡ አፍ ላይ ክብ ሠርተው ቁጢጥ አሉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"ተቀመጥ እንጂ" አለኝ አምበሉ፣ መዳፉ እንደተዘረጋ።

"ዛሬ እኛ ለብቻችን ነው የምንጸልየው" አልኩ።

"እኛ ማነው?"

በእጄ አመለከትኩ። ጓንት አድርጌ ነበር፤ ጓንት ያደረገ እጅ ደግሞ አንድ ሰው ለይቶ ማመልከት አይችልም፣ ባንዴ ሦስት አራት ሰው ይነካል። ያመለከትኩባቸው ልጆች መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ተከተለ፣ አምስት ሆኑ። አምበሉ ቀና ብሎ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወይም ቢሰድበኝ፣ መልስ አላጣም ነበርና። "ኸይር ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እንዳልክ።"

እኛ ስድስታችን የቀኙ ቋሚ ጋ ሄድን፤ እነሱ አምስቱ ባሉበት ቀሩ። ከግቡ ጀርባ የተቀመጡ አንድ የኮምቦልቻ አዛውንት፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሙስሊም፣ አንገታቸውን በመረቡ ቀዳዳ አስግገው "ኧረ በነቢ! ምነው ልጆቼ፣ ሳትጫወቱ ተጣላችሁ?" አሉን። እኔ ጸሎቱን አረዘምኩት። በደንብ አሳምሬ ጸለይኩ፣ አሸንፈን፣ አሳፍርልን፣ አድቅቅልን እያልኩ። ስጨርስ የስድስት ሰው አሜን ቀጥና ወጣች። ከኋላዬ የነሱም አሚን እንደዚያው ቀጥና ተሰማችኝ።

አሰልጣኙ ሮጦ ሲመጣ ፊሽካው ሊነፋ ነበር። "ጸለያችሁ?" አለ። አዎ አልነው። እውነታችንን ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ አምበላችን የተጫወተውን ጨዋታ በሕይወቴ ደግሜ አላየሁም። ከፊቴ አንዲት ኳስ አላሳለፈም። ያቺን ረጅም እግሩን ይዘረጋል፣ ኳሷን ከአጥቂው እግር ሥር ይወስዳል፣ ቀና ብሎ ለጓደኛው ይሰጣል። የኮምቦልቻ ሰው ራሱ አጨበጨበለት። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ደብተሩን ሲከፍት አየሁት። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ግን አልተነጋገርንም። አንድም ቃል። ሁሉ ነገር በፀሐዩ ቁልጭ ብሎ እየታየ ምን ያስጮኸናል እያልኩ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት።

ከዕረፍት በኋላ፣ ባዶ ለባዶ እንደሆንን፣ ከግራ በኩል አንዲት ረጅም ኳስ ተሻገረች። ከፍ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ በፀሐዩ በኩል መጣች። እንዲህ ያለችዋን ኳስ በጉም ውስጥ መቶ ጊዜ ይዣታለሁ። ወጣሁ። እሱም ወደ ኋላ እየሮጠ፣ ዓይኑን ኳሷ ላይ እንደተከለ ተነሣ። "የኔ!" ማለት ነበረብኝ። አፌን የያዘኝ ሰው አልነበረም፤ ግን ከጸሎቱ ጀምሮ ያላናገርኩትን ሰው በዚያች ቅጽበት እንዴት ብዬ ልጥራው? እሱም አልጠራኝም። አየር ላይ ተጋጨን። ስንወድቅ ሙሉ ሰውነቴ ያረፈው ጉልበቱ ላይ ነበር። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ እርጥብ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነበር።

ኳሷ ሁለት ጊዜ ነጥራ መረቡን ነካች። ሕዝቡ ጮኸ፣ ወዲያው ደግሞ ጸጥ አለ። አምበሉ ሣሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ "ገባች?" አለኝ።

"ገባች" አልኩት።

በዚያ ቀን፣ ከዚያች ከመጥፎዋ ንግግሬ በኋላ፣ ያወራነው ይህንን ብቻ ነው።

ያነሱት የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው። ጎል ያገባው አጥቂያቸው ሳይቀር ደስታውን ትቶ መጥቶ "አብሽር፣ አብሽር ወንድሜ" እያለ የአምበሉን ራስ ደግፎ ይዞ ነበር። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ አሰልጣኙ አብሮት ሄደ። ጨዋታው ቀጠለ፣ ተሸነፍን፣ ከዚያ በላይ የማስታውሰው የለም። አንድ ነገር ግን አስታውሳለሁ። ባጃጁ ሲወጣ ወደ ጠረጴዛው ዞር ብዬ ሳይ የሰማያዊ ጃኬቱ ሰውዬ ወንበር ባዶ ነበር።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የሚዘፍን አልነበረም። ሐረጎ ላይ ጉሙ ተቀበለን። ግራ ተመላላሹ፣ ከአምበሉ ጋር የጸለየው ልጅ፣ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "እንደ ድሮው ነው ዱአውን ያደረገው" አለ። "የበረኛችንን እጅ ጠብቅልን አለ። እኛም አሚን አልን።" ዞሬ አላየሁትም። መስኮቱን በክርኔ ጠረግሁና ምንም የማይታይበትን ውጭ ሳይ ደሴ ገባን።

እግዚአብሔር ቀጣን አልልህም። ያኔ እንዲያ ያሉ ነበሩ፤ ከሁለቱም ወገን። አንዱ "ስለተለያያችሁ ነው" ይላል፣ ሌላው "ድሮም አብሮ መጸለዩ ነው ያመጣው" ይላል። እኔ የማውቀው እኔና እሱ አለመጠራራታችንን ብቻ ነው። ዛሬ ተማሪዎቼ ከጨዋታ በፊት ሲጸልዩ ዝም ብዬ አያለሁ። አንዱ ያማትባል፣ አንዱ መዳፉን ያብሳል፣ አንዱ ሰማይ ሰማይ ያሳያል። አንድ ላይ ሁኑም፣ ተለያዩም አልልም። ሲጨርሱ ግን "አሁን ከበረኛችሁ ጋር ተነጋገሩ" እላቸዋለሁ፤ የቲቸር ነገር ብለው ይስቁብኛል።

ጉልበቱ አልዳነም። ሐኪም ቤቱ ጅማቱ ተበጥሷል አለ። እናቱ ተስፋ አልቆርጥም ብለው ኩታበር ድረስ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት፤ እብጠቱ ወረደ፣ መራመድ ቻለ፣ መሮጥ ግን የለም። በአራተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ነበር። እናቱ ከበሩ ሲያዩኝ "ጓደኛው እኮ ነው! አሳልፉት፣ ከአጠገቡ ይቀመጥ" አሉ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሆነውን ነገር ለእናቱ እንዳልነገራቸው ገባኝ። በሰው ፊት ምን ልበል? ደግሜ ሄድኩ፣ ደግሜ ሰው ነበር። በሦስተኛው ሰው አልነበረም፤ ያኔ ደግሞ እሱ ስለ ኳስ ጀመረልኝ፣ ሳቅን፣ ሳቁን ማበላሸት አልሆነልኝም። ይቅርታ እንደ ሊጥ ነው፤ ካሳደርከው ይኮመጥጣል።

ነገሩ ሲከብደኝ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አረጋዊ ቄስ ናቸው፤ ኳስ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ከጸሎቱ ጀምሬ እስከ ጉልበቱ ድረስ ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"በዚያች ሰዓት ከልጁ ጋር አልጸልይም ያልከው ለእግዚአብሔር ብለህ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም አባ። ሰው ስቆብኝ ነው።"

"እንግዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ? ጉልበቱ የእኔ ነው? ሂድና ባለቤቱን ጠይቀው።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ እንዳልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። በነዚህ ሁለት ዓመታት በሳምንት ሦስት ቀን እንገናኛለን። አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ አልፎ አልፎ አብረን ምሳ እንበላለን። ያቺን የይቅርታ ቃል ግን አላወጣኋትም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እየዘነበ ቤታችን መጣ። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ ከመንገዱ በድንጋይ ደረጃ ነው የሚወጣው፤ ለእሱ ቀላል አልነበረም። በሩን ስከፍት ጃኬቱ ረጥቦ፣ ግድግዳውን በአንድ እጁ ይዞ ቆሟል። ግባ አልኩት። አልገባም አለ።

"ነገ ጠዋት ነው የምሄደው" አለኝ። "አጎቴ ጅዳ ወረቀቱን ጨርሶልኛል። ሰው ቤት ልዞር ስነሣ መጀመሪያ አንተ ጋ መጣሁ። አውፍ በለኝ።"

አውፍ ይቅርታ ማለት ነው። እኛ አገር ሩቅ የሚሄድ ሙስሊም፣ ሐጅም ይሁን ሥራ፣ ከመሄዱ በፊት በየቤቱ እየዞረ አውፍ በሉኝ ይላል፤ ክርስቲያን ጎረቤቱንም አይዘልም። የተጠየቀውም ሳያመነታ አውፍ ብያለሁ ይላል። መንገደኛን በር ላይ ማቆም ነውር ነው።

"አንተ ደግሞ ምን አድርገኸኝ?" አልኩት።

መሬት መሬት አየ። "ያን ቀን፣ ኮምቦልቻ። ኳሷ ስትመጣ ስትወጣ አይቼሃለሁ። ያንተ ብልህ ኖሮ ትይዛት ነበር። ቅር ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ሳላይህ ቀርቼ እንዳይመስልህ። ለአንዲት ኳስ እንኳ ድምፄን ልከልክለው ብዬ ነው።" ዝናቡን ከፊቱ ጠረገ። "ወላሂ ለእናቴም አልተናገርኩም። አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትቆጭ አያለሁ፤ ዝም እላለሁ። አውፍ በለኝ።"

እኔ የምለው ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን እሱ ይቅርታ እነፈግ ይሆን ብሎ እንደሚፈራ ሰው ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀኝ ነው። የራሴን ብጀምር የእሱን የገፋሁበት ይመስለዋል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ወግ እንደሚያዘው "አውፍ ብያለሁ" አልኩት።

"አላህ ይስጥልኝ" አለ። ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት። ፊቱ ባንዴ የልጅ ፊት ሆነ። ትከሻዬን በትከሻው ገጨኝ፣ እናቴን እያያችሁልኝ አለኝ፣ ዞረ። ደረጃውን ደህናውን እግር እያስቀደመ፣ ታማሚውን እያስከተለ ወረደ። ቆይ ልለው አፌን ከፈትኩ። ቀሎት ይሂድ ብዬ ነው የተውኩት፣ ወይስ ፈርቼ ነው፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። ዝናቡ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

በየበዓሉ ይደውላል። በፋሲካም በገናም ቀድሞ እንኳን አደረሰህ የሚለኝ እሱ ነው። እናቱ አሁን ገበያ አይቀመጡም፤ የሚቀመጡት ቤታቸው ነው፣ እሱ ነው የሚያስተዳድራቸው። ባለፈው ፋሲካ ቆርጬ ነበር። "ስማኝ፣ ስለ ኮምቦልቻው ቀን አንድ ነገር ልንገርህ" ብዬ ጀመርኩ። ወዲያ ማዶ፣ ጅዳ በሚሠራበት ሱቅ፣ ደንበኛ ሲያናግረው፣ ፍሪጅ ሲዘጋ ይሰማኛል። ሳቀ፤ አፉን በልብሱ እንደሸፈነ ከድምፁ አወቅሁ።

"አንተ ደግሞ፣ ተወው እንጂ!" አለኝ። "አውፍ ብለኸኝ አይደል እንዴ የመጣሁት?"